እምቢ ያልከው ቢላ

ይድረስ ላንተ ለአባዬ፤

ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። ሙት ዓመትህን አውጥተን፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ወንበሩ ለዕድሩ ተመልሶ፣ ቤቱ እንደገና ጭር ሲል ነው ወረቀት ያነሳሁት። በስልክ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ አንተ ግን በስልክ የተጻፈ ነገር አንብበህ ስለማታውቅ ተውኩት። የእጅ ጽሑፌን የሐኪም ጽሑፍ ነው እያልክ ትስቅበት ነበር። ዛሬም ቻለው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ክረምት ሲመጣ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም። ገርጂን ብታያት ግን ግራ ይገባሃል። በራችን ፊት የነበረው ኮብልስቶን ተነስቶ አስፋልት ሆኗል፤ ባለሱቁ ጎረቤታችን ለቆ ሄዷል፤ ከኋላችን ስምንት ፎቅ ቆሞ ፀሐያችንን እስከ አራት ሰዓት ይከለክለናል። እማዬ ልብስ ባሰጣች ቁጥር ቀና ብላ ትረግመዋለች። ግቢ ውስጥ ያለችው የቆርቆሮ ወርክሾፕህ ግን እንዳለች ናት። ሩዋንዳ ሰፈር ያለው የቤት ዕቃ ንድፍ ቢሮዬ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ መጥቼ እከፍታታለሁ። የሾላ ገበያ ጎመን ሻጮች አሁንም ቢላቸውን ለማሳል ያመጣሉ፤ ያንተን ያህል ባልስልላቸውም አይቀየሙኝም። አትላስ አካባቢ የሚሠራ አንድ የሆቴል ሼፍ መጥቶ ስለቱን ነካ ነካ አደረገና «እየመጣሽ ነው» ብሎኝ ሄደ። ይህን ካንተ አፍ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ለሰፈሩ ሁሉ አወራው ነበር።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን የሰፈር ወሬ ላወራህ አይደለም። የምነግርህ ነገር አለኝ፤ ስትሰማው ግንባርህን እንደምትቋጥርም አውቃለሁ። እምቢ ያልከውን ቢላ ሠራሁት።

ያን ክረምት አልረሳኸውም መቼም። ወንድሜ ሐጎስ ወርክሾፑን ትቶ ተራራ የሚወጡ ሰዎችን መምራት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። የረር ተራራ ላይ ይዟቸው የወጣቸውን ሰዎች በጠራራ ፀሐይ በጀመሩት መንገድ ላይ ድንገት ዝናብ ያዛቸው። ክብሪቱ ኪሱ ውስጥ ሊጥ ሆነ፤ ላይተሩም ረጥቦ እምቢ አለ። አንዷ ልጅ ከንፈሯ እስኪጠቁር ተንቀጠቀጠች፤ አዝሏት ነው የወረደው። በማግስቱ መጥቶ ፊትህ ቆመ። ከአንድ እንግዳ ያገኛትን፣ ጣት የምታህል ጥቁር ዘንግ አሳየህ። በብረት ጠርዝ ሲፍቋት፣ እርጥብም ብትሆን፣ የእሳት ፍንጣሪ መዓት ትተፋለች። የጠየቀህ ትንሽ ቢላ ነበር፤ በስለቱ የራሰ እንጨት ልጦ ደረቁን ውስጡን የሚያወጣበት፣ በጀርባው ደግሞ ዘንጓን የሚፍቅበት። ለዚህም የቢላው ጀርባ ሳይለሰልስ፣ ጠርዙን እንደያዘ መቅረት ነበረበት።

ፊትህ የተለወጠው ጀርባውን ሲያነሳ ነው። ካንተ እጅ የወጣ ቢላ ሁሉ ጀርባው እንደ ማንኪያ እጀታ ለስላሳ ነው። ወጣት ሳለህ ሳታለሰልስ የሸጥከው ቢላ የአንዲት ጎመን ከታፊ መዳፍ ሰንጥቆ፣ ሴትዮዋ ስንት ጊዜ ሥራ ፈትታ እንደተቀመጠች ነግረኸናል። ከዚያ ወዲህ አውራ ጣትህን ከጫፍ እስከ እጀታ በጀርባው ላይ ሳትጎትት የስምህን ፊደል ማኅተም በቢላ ላይ መትተህ አታውቅም። ጣትህን ትንሽ ከያዘው ወደ ሞረድ ይመለሳል። እኛንም በዚሁ ነው ያሳደግከን። ከትምህርት ቤት መልስ እኔ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሐጎስ ሞረድ ይዘን ስንት ጀርባ አለሰለስን!

ግን አባዬ፣ እምቢ ያልከው ለጎመን ከታፊዋ ብለህ ብቻ አልነበረም። ጥሎህ መሄዱ ሆድህን አቃጥሎት ነበር። ደንበኞች ፊት «ክብሪት ማድረቅ ያቃተው ሰው ቢላ ምን ያደርግለታል?» አልከው። ሐጎስ ዘንጓን ኪሱ ከትቶ ወጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ብርጭቆ ወረቀቴን ይዤ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ቆሜ አየሁት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ በኋላ ሐጎስ ያየህ ሳጥን ውስጥ ሆነህ ነው። ቀብርህ ላይ ከኋላ ቆሞ፣ ዓይኑ እንኳ ሳይረጥብ፣ አፈሩ እንደተመለሰ ሄደ። ዓመት ሙሉም ቤታችንን አልረገጠም።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ እማዬን ጭንቅ ያዛት። የሰው አፍ አልነበረም ያስጨነቃት። ልጇ አሁን ካልመጣ ከእንግዲህ እንደማይመጣ ገብቷት ነበር። ብትደውልለት ሥራ አለብኝ አላት። አንድ ቅዳሜ ወርክሾፕ መጥታ በርጩማህ ላይ ተቀመጠችና፣ ያን ቢላ ሥሪለት አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባትህ ሳያልፍ ጀምሮልህ የነበረ ነው በይው። ማኅተሙ እንደሆነ እጅሽ ላይ ነው። ማን ይጠይቅሻል?» አለችኝ። እማዬ መሆኗን ማመን አቃተኝ። በልጅነታችን ለአንዲት ውሸት በርበሬ ያጠነችን ሴት!

እውነቱን ልንገርህ፤ ሐሳቧ ክፉ ሆኖ አልታየኝም። እኔም ወንድሜን ፈልጌዋለሁ።

ንድፉን በምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ጀመርኩት። አለቃዬ ጎንበስ ብሎ አየና የኩሽና ቁም ሳጥን እጀታ መስሎት አለፈኝ። በብርድ የደነዘዘ ጣት የሚይዘው ነገር ስለሆነ እጀታውን ለትንሽ ቢላ ከሚገባው በላይ ወፈር አደረግኩት። ስለቱን ከመዳፌ ስፋት አላስበለጥኩም፤ ረጅም ስለት ጭራሮ ለመላጥ ያስቸግራል። ዘንጓን እጀታው ውስጥ የምትሰካበት ቀዳዳ ልሠራ አሰብኩ፤ ወዲያው እንጨቱን ታደክሚዋለሽ የሚለው ድምፅህ መጣብኝና ሰረዝኩት። ካርቶን ላይ አምስት ጊዜ ቆርጬ፣ እየጨበጥኩ፣ መጥረጊያ እንጨት ላይ የምልጥ እያስመሰልኩ አንዱን መረጥኩ። ብረቱን ጥግ ላይ ካከማቸኸው የጭነት መኪና ባሌስትራ ቆረጥኩት። በከሰል አግዬ በተቃጠለ ዘይት አጠለቅኩት። እጀታው ወይራ ነው፤ አንተ ለጥሩ ቀን ብለህ ያስቀመጥከው ወይራ። ይቅር በለኝ።

ሲያልቅ ቁርጥ ያንተ ሥራ ነበር። እማዬ አገላብጣ አይታው እንባዋ መጣ። ማኅተምህን ብረቱ ላይ አቁሜ መዶሻ አነሳሁ። ከመምታቴ በፊት ግን ልሞክረው ብዬ፣ ለመሞከሪያ ከገዛኋት ዘንግ ጋር ግቢ ወጣሁ። ተንበርክኬ ፋቅኳት። ምንም። ደግሜ ፋቅኳት፤ ጥቁር ዱቄት ብቻ። የቢላውን ጀርባ በጣቴ ስዳስሰው ነው የገባኝ። አለስልሼዋለሁ! ንድፉ ላይ በገዛ እጄ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ጀርባው እንዳይነካ ብዬ ጽፌያለሁ፤ እጄ ግን ወረቀቱን አላነበበም። መቼ ሞረድ እንዳነሳሁ እንኳ አላስታውስም። ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሆድ ባሰኝ።

ለእማዬ ውሸት ከዚያ የተሻለ ቢላ አይገኝም ነበር። ሐጎስ ገና ሲጨብጠው ያንተ መሆኑን ያምናል። ግን ተራራ ላይ ዝናብ ሲይዘው እሳት አይሰጠውም። እሳት የሚሰጠውን ብሠራ ደግሞ ጣቱ ጀርባው ላይ ሲያርፍ አባቱ እንዳልሠራው ያውቃል። ሁለቱን አንድ ቢላ ላይ ማድረግ አልቻልኩም። እማዬ፣ ብቻ ለዕለቱ ይምጣልኝ፣ የእሳቱን በኋላ ታስተካክይለታለሽ አለችኝ። ሳምንት ሙሉ አሰብኩበት። ያቺ ከንፈሯ የጠቆረው ልጅ ከዓይኔ ላይ አልነሳ አለች። ደግሞ ሐጎስ አንድ ቀን ዝናብ ውስጥ ተንበርክኮ፣ ያንተ ፊደል ያለበትን ቢላ ይዞ፣ ሲፍቅ ሲፍቅ ውሎ አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ እንኳ የማይረባ ነገር ሰጠኝ ሲል ታየኝ። ያን ልፈርድብህ አልቻልኩም።

ሁለተኛውን ስሠራ ሞረዶችህን ሁሉ ሰብስቤ ለእማዬ አስቀምጪልኝ አልኳት፤ እጄን አላመንኩትም። ጀርባውን ቀጥ አድርጌ ጠርዙን እንዳለ ተውኩት። የጎመን ከታፊዋን ነገር ግን አልዘነጋሁም። ማለስለሱ የግድ ሲሆን አንዱን ሞረድ ተቀብያት፣ ሲገፉ አውራ ጣት የሚያርፍበትን፣ ወደ እጀታው የሚጠጋውን ሁለት ጣት ያህል ብቻ አለሰለስኩ። የቀረው ይቆርጣል። ስወለውለው መዳፌን ቆርጦኛል፤ ከተናደድክ በዚህ ተጽናና። ማኅተምህን አልመታሁበትም።

ሐጎስ አያት ሰፈር ተከራይቶ ነው የሚኖረው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄድኩበት። ቢላ ከእጅ ወደ እጅ ስለማይሰጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አነሳው። አውራ ጣቱን ከጫፉ ጀምሮ በጀርባው ላይ ጎተተ፤ ልክ እንዳንተ። ጣቱን ያዘው። ቀና ብሎ አየኝና፣ «እማዬ በስልክ አባትህ የተወልህ ነገር አለ ብላኝ ነበር። ይሄ ነው?» አለኝ።

እማዬ ቀድማኝ ነበራ! ድምፁን ብትሰማው አባዬ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የጠየቀኝ ግን እንደ ትንሽ ልጅ ነው። ጣቱ እየነገረውም አዎ እንድለው ፈልጓል። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር መሰለህ። ግን እውነቱን ነገርኩት። እስከ መጨረሻህ እምቢ እንዳልክ፣ የዚያን ቢላ ነገር ዳግም አንስተህ እንደማታውቅ፣ የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ሌላ ቢላ ሠርቼ እንደነበርና ለምን እሳት እንዳልሰጠኝም ነገርኩት። ያን ቀን ቆሜ ዝም ያልኩትንም።

ቢላውን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ። ዝናብ ሲያበሰብሰው የከረመ የባሕር ዛፍ ፍልጥ አነሳ፤ ላዩን ልጦ ጣለና ደረቁን እንደ ጸጉር አሳስቶ ፋቀው። ዘንጓን ከኪሱ አወጣ፤ ያችኑ ዘንግ። ሁለት ጊዜ ፋቃት። በሦስተኛው ፍቅፋቂው ተያያዘ። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለን አየነው። ሲበቃው በጫማው ረግጦ አጠፋውና፣ «ለመቼ ነው ያላችሁት?» አለኝ።

መጣ፤ ከዋዜማው ጀምሮ ነው የመጣው። ድንኳን ተከለ፣ ወንበር ተሸከመ፣ የእማዬን ሳህን ከሴቶች እጅ እየነጠቀ አመላለሰ። የሐምሌ ዝናብ ድንኳኑን ሲደበድበው ሰው ሁሉ ስላንተ ደግ ደጉን ሲያወራ ዋለ። አንድ ዘመዳችን ተነሱና፣ «ለልጆቹ እምቢ ብሎ የማያውቅ አባት ነበር!» አሉ። ዓይኔ ከሐጎስ ዓይን ጋር ተጋጠመ። ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው፤ አፉን በእጁ አፍኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። እማዬ ጭኑን ቆነጠጠችው። እኔም አልቻልኩም፣ ነጠላዬ ውስጥ ገባሁ። ሳቁ ግን ሳቅ ሆኖ አልቀረም። ቀብርህ ላይ ያልወጣው እንባ እዚያ፣ በዚያ ሁሉ ዕድርተኛ መሃል ወጣ። አባዬ፣ አባዬ እያለ አለቀሰልህ። ማንም ሊያባብለው አልደፈረም፤ እማዬ ብቻ የቆነጠጠችውን ጭኑን ስታሻሽለት ቆየች።

በጣም ናፍቀኸኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ወርክሾፑን ስከፍት ከሁሉ በላይ ትናፍቀኛለህ። አንድ ነገር ቃል ልግባልህ። ልጅ ብወልድና ስላንተ ቢጠይቀኝ፣ ስለ ጎመን ከታፊዋ እነግረዋለሁ፤ ደንበኛ ፊት ልጅህን ያሳፈርክበትንም እነግረዋለሁ፤ ተሳስተህ እንደነበርም አልደብቀውም። ሐጎስ እንደዚያ ያለቀሰው ዘመዳችን ለተናገሩለት አባት አይደለም። እምቢ ላለው አባቱ ነው። እኔም የማስታውሰው እሱን ነው።

ልጅህ ትርሐስ
ገርጂ