እስኪጣራ ድረስ

ጥቅምት 6፣ 1965

...አባባ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጎ ወደ ወረቀቱ ሲያመጣ። ማመልከቻ ጸሐፊው «ማኅበሩ ለስንት ዓመት ይሁን?» ሲል ሁለቱም ሳቁ። አባባና ሸሪኩ ጋሽ ዱባለ። «አሥር በለው። ከዚያ ወዲያ ማን ይኖራል?» አለ አባባ። ወፍጮው ገና ከሳጥኑ አልወጣም ነበር።

ምን አስታወሰኝ? እንጃ። ዛሬ አሥራ ሁለት ኩንታል ፈጨን። የሞተሩ ቺንጋ ላልቷል።

ጥቅምት 11

አውቄው ኖሯል?... ጋሽ ዱባለ ያንኑ ወረቀት ይዘው መጡ። አሥሩ ዓመት መስከረም ላይ አልቋል። «ማኅበሩ ፈርሷል፣ ልጄ። ሕጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።» ወፍጮ ቤቱን አፍርሶ ጋራዥ የሚሠራ ገዢ አግኝተዋል። እሳቸው አጣሪ እንዲሆኑ፣ እኔ የአባባ ወራሽ ሆኜ እንድፈርም።

«አጣሪ ማለት?»

«ሸጦ የሚያካፍል ነዋ።»

ነገ አልኩ። ለምን ነገ? ለምን እምቢ አላልኩም?

ጥቅምት 12

ጦር ኃይሎች፣ ጀማል ጋ። የአክስቴ ልጅ፤ ፍርድ ቤት መዝገብ ይጽፋል። ሳቀብኝ።

«ፈረሰ ማለት ሞተ መሰለሽ?»

የፈረሰ ማኅበር ተጣርቶ እስኪያልቅ በሕግ ፊት አለ። አጣሪው ዕዳውን ይከፍላል፣ የተጀመረውን ሥራ ያስጨርሳል፣ ከዚያ ሸጦ ያካፍላል። ከመዝገብ የሚሰረዘው መጨረሻ ላይ ነው።

«አዲስ ሥራ ግን ክልክል ነው፣ ሰብሪዬ።»

«በአጣሪው ካልተስማማንስ?»

«ዳኛ ይሾማላ። አንቺም አመልክቺ።»

ፌርማታው ላይ ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። የተጀመረውን ሥራ...

ጥቅምት 13

አልፈረምኩም። አጣሪ እኔ ልሁን ብዬ አመለከትኩ። ወፍጮውን ለሚፈጭበት ሰው እንድሸጠው። ቀጠሮ ኅዳር 20።

ጥቅምት 15

ጋሽ ዱባለ በሩን ቆልፈውት ደረስኩ። እማማ ጉዲቱ ከአስኮ አህያቸውን ነድተው መጥተዋል። ጤፋቸው ከሰኞ ጀምሮ ውስጥ ነው። እኛ ጋ እህሉን ትቶ የሚሄድ ሰው ከልብሱ ቁራጭ ቀዶ ጆንያው ላይ ያስራል። ጨርቅ የታሰረበት ሳይፈጭ አይወጣም። ነውር ነው።

«ማኅበሩ ፈርሷል፣ እማማ» አሏቸው ጋሽ ዱባለ።

«ይፍረስ! ጤፌን ፍጩልኝና ይፍረስ!»

በሩ ላይ የሚጠብቁት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ጋሽ ዱባለ አልሳቁም። ግን ከፈቱ።

ጨርቅ የታሰረበት አርባ አንድ ጆንያ። አዲስ አልቀበልም። እነዚህን ግን ማን ይከለክለኛል?

ጥቅምት 29

አርባ። ሁሉም ተፈጭቶ ተወሰደ። አርባ አንደኛው ግን ማዕዘን ላይ፣ ከባዶ ጆንያዎች ሥር። ገብስ ነው። ነቅዟል። የታሰረበትን ጨርቅ አየሁና ተቀመጥኩ።

ኅዳር 2

ጋሽ ዱባለ ገዢውንና ሜትሩን ይዘው መጡ።

«ጨረስሽ አይደል?»

«አንድ ቀርቷል።»

«የማን?»

አሳየኋቸው። ሰማያዊ ሽርጥ፣ ጠርዙ በነጭ ክር የተዘመዘመ። አባባ ሳይታመም በፊት ያሰረው። ጋሽ ዱባለ ጨርቁን በጣታቸው ያዙት። ለረጅም ጊዜ። ገዢው ሰዓቱን አየ።

«መቼ ትፈጪዋለሽ?» ድምፃቸው ወረደ።

«አልቸኩልም። የተጀመረው ሥራ ሳያልቅ አይሸጥም።»

«ሰብሪያ...»

«ሕጉ ነው፣ ጋሽዬ። እኔ አይደለሁም።»

ሁለቱም እስኪወጡ ጠበቅኩና በሩን ከውስጥ ዘጋሁት።