በታላቅ ስም የተከፈተው ኮምፒውተር

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ሥራሽ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ከዚያ ከሆቴሉ አንሶላ ክምር ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው? የሳሙናው ውሃ እጄን ላጠው ብለሽ ነበር፤ ዳነልሽ? እኛ ደህና ነን። እማማ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው፤ ባለቤቴ ከተማሪዎቿ ጫጫታ በቀር ደህና ናት፤ እኔም ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ሰላምታዬ ከልቤ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውም ከልቤ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል ብለሽ አታንብቢው።

ምነው በወረቀት ጻፈልኝ አትበዪ። ስንደዋወል አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እማማ ስልኩን ከእጄ ይቀሙኛል፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልበለው። አባባ ከመሞታቸው በፊት ለአንቺ ብለው የተናገሩት ሁሉ የተቀመጠበት አካውንት ተቆልፏል። የሚከፍተው ያንቺ የድሮ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ ሳይከፈት የቆየ አካውንት ደግሞ አካውንቱን የሰጠን ድርጅት በውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያጠፋዋል፤ ግንቦት አጋማሽ ላይ ዓመቱ ይሞላል። ይህን በስልክ ሦስት ጊዜ ነግሬሽ ሦስት ጊዜ «እሺ፣ አየዋለሁ» ብለሽኛል።

ላፕቶፑን የላክሽልን ጊዜ ትዝ ይልሽ እንደሆነ አላውቅም። ከመቅለሉ የተነሳ አባባ በአንድ እጃቸው አንስተው «ሆዱ ባዶ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። አንቺም በስልክ አስረዳሽን፤ ይሄ እንደ ድሮው ኮምፒውተር አይደለም፣ ፕሮግራሙም ፋይሉም ክላውድ በሚሉት ሩቅ ቦታ ነው የሚቀመጠው፣ እናንተ ጋ ያለው መስኮቱ ብቻ ነው አልሽ። ስንከፍተው መጀመሪያ ስምና የልደት ቀን ጠየቀን። እኔ እንደምታውቂው ሦስት የልደት ቀን አለኝ፤ አንዱ የትምህርት ቤት፣ አንዱ የመታወቂያ፣ አንዱ ደግሞ እማማ «ጣራው ያፈሰሰ ሰሞን» የሚሉት። የትኛውን ልሙላ እያልኩ ስጨነቅ አባባ ነገሩን ቆረጡት። «ዕቃ የታላቅ ነው፤ በእሷ ስም ይከፈት። ሩቅ ስላለች ከቤት የወጣች እንዳይመስላት» አሉ። በአንቺ ስም፣ በአንቺ ስልክ ቁጥር ተከፈተ። ለሩቅ ሰው ክብር ብሎ የቤቱን ቁልፍ ለሩቅ ሰው የሚሰጥ ከእኛ ቤት ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ሐቁን ላለመደበቅ፣ መጀመሪያ ወድጄው ነበር። ቫይረስ የለ፣ ፕሮግራም ጫንልኝ ብሎ ሰው መለማመጥ የለ፣ ራሱን በራሱ ያድሳል። የአባባን የጥገና ሱቅ ደረሰኝ እዚያው ጽፌ ቤት ገብቼ በስልኬ አየዋለሁ። በዚያ ክረምት ጣራው አፍስሶ ላፕቶፑ በውሃ ሲሞት ደግሞ አመንኩበት። ከጎናችን ያለው የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ገና ሳይነካው «ሞቷል» ስለሚል ዶክተር ብለን የምንጠራው፣ አንድ ያገለገለ ማሽን አመጣልኝ። የይለፍ ቃሉን አስገባሁ፤ አንቺ ጋ ቁጥር ተላከ፤ ደውለሽ ስድስቱን ቁጥር አነበብሽልኝ፤ አለቀ። ደረሰኙም፣ የእማማ ፎቶም፣ ሁሉም እንዳለ ተመለሰ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለደንበኛው ሁሉ እየዞርኩ ክላውድ ክላውድ ስል የሰነበትኩት እኔ ነኝ። ለጥንቃቄ ገዝቼው የነበረውን ፍላሽም ያን ቀን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

በጥር አባባ ድምፃቸው መሳሳት ጀመረ። ሐኪሙ ጉሮሯቸውን አይቶ የነገረንን ታውቂያለሽ። እሳቸው ግን አልደነገጡም፤ «ድምፄ ሳይሄድ ለልጄ የምነግራት አለኝ» አሉ። እኔ በካሴት እንቅዳው ብዬ ነበር። አባባ ሠላሳ ዓመት የጠገኑት ቴፕ ዛሬም መደርደሪያው ላይ ይሠራል፤ በወጣትነታቸው ያንጎራጎሩበት ካሴት እንኳ ክሩ ሳይጎረብጥ አለ። አንቺ ነሽ በስልክ የሳቅሽብኝ። እዚህ ካሴት የሚያጫውት ማን አለ፣ በላፕቶፑ ቅዱት፣ እዚያው ክላውዱ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ አልሽ። አባባም «እሷ በምትሰማበት ይሁን» አሉ።

ከዚያ ወዲያ በሚሻላቸው ቀን ከምሳ በኋላ በሱቁ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ይናገሩልሽ ጀመር። ሃያ ሁለት ጊዜ ተቀርጸዋል። የመጀመሪያውን ሬዲዮ ፈትተው መግጠም አቅቷቸው ሲያለቅሱ አባታቸው እንዴት እንደሳቁባቸው ነግረውሻል። አንቺ የተወለድሽ ቀን የደንበኛ ሬዲዮ ከፍተው ጎረቤቱን ሁሉ እንዳስጨፈሩ፣ ደንበኛው መጥቶ ባትሪው አልቆ እንዳገኘው ነግረውሻል። የተቃጠለ ዕቃ በሽታው ዕቃው ሳይሆን ባለቤቱ ነው የምትለዋን ቀልዳቸውን ሳይቀር አስገብተዋል። እኔ ካቻቪቴ እንደያዝኩ እሰማለሁ፤ አንዳንዴ ስቄ ቀረጻውን አበላሽባቸዋለሁ፤ ይቆጡኛል። በየሳምንቱ ሰማሽው ወይ ስልሽ «ልቤ ይረጋና እሰማዋለሁ» ትዪኛለሽ። አንድ እንኳ አልሰማሽም። በሚያዝያ ስልክሽንም መስመርሽንም ቀየርሽ፤ እኛ ዘንድ አካውንቱ ማሽኑ ላይ እንደተከፈተ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም።

አባባ ባረፉ በሳምንቱ፣ ለቅሶው ቀለል ሲል፣ ድምፃቸውን ልሰማ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ለካ እሱም በዚያ ሰሞን ራሱን አድሶ ኖሯል፤ እንደ አዲስ ማንነትህን አስረዳኝ አለኝ። የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። ወደ ስልክዎ የተላከውን ቁጥር ያስገቡ አለ። የላከው ወደዚያ ወደ ተውሽው መስመር ነው። የኢንተርኔቱ ጥፋት መስሎኝ ጎረቤት ወስጄ ሞከርኩ፤ ያው ነው። በንዴት ካቻቪቴዬን አንስቼ ፈታሁት። አባባ «ፈትተህ ያላየኸውን ዕቃ የኔ ነው አትበል» ይሉ የለ? ፈትቼ አየሁት። አንድ ባትሪ፣ አንድ ስስ ሰሌዳ፣ ሌላ ምንም። አባታችን እዚያ ውስጥ የሉም። ዶክተር መጥቶ ትከሻዬን ይዞ፣ ወንድሜ ይሄን ብትፈታው የሰው ቤት መስኮት መፍታትህ ነው፣ ዕቃው ያለው ሌላ ሰው ጓዳ ውስጥ ነው አለኝ። እማማም ከኋላችን ሆነው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር አትስማማም፤ ደግነቱ እሷም በአስተማሪ ድምፅ ነው የምትከራከረው። የፈተና ወረቀቶቿን ሁሉ እዚያው ክላውድ ላይ ነው የምታስቀምጠው፤ ትምህርት ቤት ጀምራ ቤት ትጨርሳለች፤ እስከ ዛሬ አንድ ወረቀት አልጠፋባትም። ለምን ቢሉ አካውንቱ በራሷ ስም፣ በራሷ ስልክ ነው፤ ፈተናዎቹንም በየወሩ ፍላሽ ላይ ትገለብጣለች። «ሰው ያጠፋውን በዕቃ አታላክክ፤ የምትወደውን ነገር በሰው ስም አስቀምጠህ ቅጂ ሳትይዝ ዕቃው ምን ያድርግህ?» አለችኝ። ለማንም ሰው የሚበጅ ነገር ሊሆን ይችላል፤ መስመር ለማይጠፋበት፣ ቁልፉ በእጁ ለሆነ። እኔ አሁን ሁለት ፍላሽ ገዝቼ በኪሴ ይዤ እዞራለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

አሁን ደግሞ አንቺን ልወቅስሽ። ቀብር አልመጣሽም፤ ፈቃድ ከለከሉኝ አልሽ፤ አምኜሻለሁ። ግን የስልክ ድርጅቱ ቢሮ መታወቂያሽን ይዘሽ መሄድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዶክተር እንዳለኝ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ካልሰጡት መልሰው ያወጡልሻል፤ ከሰጡት ግን ውሃ በላው። በየቀኑ ማዘግየትሽ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። አንዳንድ ጊዜ አንቺም እንደዚያ ኮምፒውተር ሆነሽብኛል፤ መስመር ሲኖር ሁሉ ነገር ያለሽ፣ መስመር ሲጠፋ ባዶ። ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት። የድሮ ቁጥሬ ጠፍቶብኛል ብለሽ ነበር አይደል? አባባ ስልክ ላይ መመዝገብ ስለማያምኑ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጽፈውት ነበር። እማማ ግድግዳው ቀለም እንዳይቀባ የከለከሉት ለዚህ ነው። ቁጥሩን ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ገልብጬልሻለሁ።

አሁን እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ቀረጻው ሃያ ሁለት አይደለም፤ ሃያ ሦስት ነው። አባባ ከማረፋቸው ከሁለት ቀን በፊት «ዛሬ ውጣልኝ፤ ይሄ የእሷና የእኔ ነው» ብለው ከሱቁ አስወጡኝ። እኔም በር ላይ ቆሜ መንገደኛ ሳይ ቆየሁ። ድምፃቸው በጣም ስስ ስለነበር ምንም አልሰማሁም፤ አንዴ ብቻ ሲስቁ ሰማሁ። ብዙ ቆይተው ጠሩኝ። ስገባ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «ደረሰላት?» አሉኝ። ላፕቶፑን አየሁት። መስመሩ ያን ቀን ሲቆራረጥ ነበር የዋለው፤ ያቺ መላኪያዋ ክብ ገና እየዞረች ነበር። ትጨርስ አትጨርስ አላወቅኩም። «አዎ አባባ፣ ደርሶላታል» አልኳቸው። «እሰይ» ብለው ጠግነው እንደጨረሱት ዕቃ ክዳኑን በገዛ እጃቸው ከደኑት። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተናገሩም።

እንግዲህ ለሟች የነገርኩት እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም። ያቺ ክብ ክዳኑ ከመከደኑ በፊት ጨርሳ እንደሆነ አባባ እዚያ አሉ፤ ካልጨረሰች ደግሞ ባዶ ነው፤ እኔም ዋሽቼ ሸኝቻቸዋለሁ። ይህ የሚታወቀው አንቺ ስትከፍቺው ብቻ ነው። ልብሽ እስኪረጋ አትጠብቂ እታለም፤ የእኔም አልረጋም።

እማማ ሰላም ይሉሻል፤ የጉልበት ቅባት ላኪልኝ፣ ድምፅ ግን አልልክልሽም፣ የእኔን መጥተሽ ስሚ ብለዋል። ባለቤቴ ትስምሻለች፤ የዚህን ደብዳቤ ግማሽ አንብባ «ጨከንክባት» ብላኛለች። ትንሿ ልጄ ፎቶሽን እያየች «አክስቴ መቼ ነው ከስልኩ የምትወጣው?» ትላለች፤ ለእሷ መልሱን አንቺ ስጪያት። ዶክተርም ሰላም ብሎሻል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ ዕቃ «ገና አልሞተም» ሲል ሰማሁት። የሥራ ጓደኞችሽን፣ አብራሽ የምትኖረውን ልጅ ሰላም በይልን።

አባባም ሰላም ብለውሻል። ሌላ ምን እንዳሉሽ አላውቅም፤ ከፍተሽ ስሚው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከአባባ ሱቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
መጋቢት 9 ቀን