ባለቤቷ ሳይሞቱ ሞተዋል ብለው ላስጎበኙን ቤት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሠፈራችን ሊቀመንበር
ጁባ፣ ከካቶር አለፍ ብሎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለቀኝ እጅዎ ደህንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት በትህትና አቀርባለሁ። ቀኝ እጅዎን ለይቼ መጥቀሴ፣ ጠባቂዎን «ምታው!» ሲሉት ከፍ ያደረጉት እሱን ስለነበረ ነው። ባለቤቴ ሉቃስም የአክብሮት ሰላምታውን ልኳል፤ ከእንግዲህ የሚያይዎት በአንድ ዓይኑ ብቻ ስለሆነ ሰላምታው ጎደል ያለ ቢመስልዎ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩበት እለምናለሁ።

ሠፈርተኛው ሁሉ ይህን ደብዳቤ በጀንነት ሱቅ በር ላይ ተለጥፎ ስለሚያነበው፣ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ቢታንያ እባላለሁ፤ አዲስ አበባ ተወልጄ እዚህ በአንድ የርዳታ ድርጅት ግዥ ክፍል እሠራለሁ። ሉቃስ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነው። በጦርነቱ ዘመን እናቱ አዝላው ተሰዳ ሳሪስ ውስጥ አሳደገችው። ከተጋባን ጀምሮ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር፤ አባቱ በተወለደበት ከተማ የራሱን በር በራሱ ቁልፍ መክፈት። አሮጌ ቤት ይወዳል። አዲሶቹን ፎቆች ሳሳየው «እነዚህ ሆቴል ናቸው፤ እኔ ቤት ነው የምፈልገው» ይለኝ ነበር። ደላላው ዳዊ ወደ እርስዎ ያመጣንም በዚህ ምክንያት ነው። ስላደረጉልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቤቱ ታሪክ በቂ ማብራሪያ ስለሰጡን እናመሰግናለን። በመጀመሪያው ጉብኝታችን ከእህትዎ ልጅ ጋር በሩ ላይ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። «ባለቤቷ ኡጋንዳ ስደተኛ ጣቢያ ሞታለች፤ ወራሿ ይህ ልጅ ነው፤ ማፊ ሙሽኪላ» አሉን። ችግር የለም ማለትዎ ነበር። ቤቱ በእውነት ያምር ነበር፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ግቢውን የሞላ የማንጎ ጥላ። ሉቃስ በረንዳው ላይ ቆሞ እንደ ልጅ ሲስቅ አይቼ እኔም ልቤ ሄደ።

ወዳጃችን ኢንጂነር አለባቸው ግን ለማየት እንጂ ለመውደድ አልመጣም ነበርና፣ ጣሪያውን ሲፈትሽ ማገሮቹ እሳት የላሳቸው ሆነው አገኛቸው፤ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቁም ሣጥኑን ሲያነሳ ደግሞ ቀለሙ የተለየ ልስን ከኋላው ብቅ አለ። በስክሪፕቶ ጫፍ ቢነካው ረገፈና በሰው ደረት ቁመት የተደረደሩ ቀዳዳዎች ታዩ። እርስዎ ሳይደናገጡ «አይጥ ነው» አሉን። አለባቸው እጁን ከቀዳዳው ሳያነሳ «አይጥ በዚህ ቁመት፣ በቀጥታ መስመር አይበላም፣ ጌታዬ» አለዎት። ስለ አይጥ ለሰጡን ትምህርት ዛሬም ባለ ዕዳ ነን።

፪. ስለ መልካም ጎረቤት። ቤት ከመግዛት በፊት ጎረቤት ይጠየቃል ስለሚባል፣ ከመንገዱ ማዶ ሳምቡሳ ወደምትጠብሰው ባለ ሱቅ ወደ ጀንነት ተሻግሬ ውሃ ገዛሁ። የአገሬ ልጅ ናት፤ በአማርኛ ተጫወትን። የማነው ቤቱ ስላት የዘይት ድስቷን ማማሰሏን ቀጠለች።

«ባለቤቷ ሞተዋል ነው የተባልነው» አልኳት።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሊቀመንበሩ።»

ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አየችኝ። «እህቴ፣ ገንዘብሽን እንዳትሰጪ። ደግማችሁ የምትመጡት መቼ ነው?»

ቅዳሜ መሆኑን ነገርኳት። ለምን እንደጠየቀችኝ ያኔ አልገባኝም ነበር። ለካ እኔ እንደሄድኩ ስልኳን አንስታ «ሞተዋል» ላሏቸው ሴት ደውላለች።

፫. ስለ ጸጥታው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስንደርስ አንዲት አሮጊት ላዎ የሚሉትን ኩታቸውን በትከሻቸው ቋጥረው፣ ከኡጋንዳ ድንበር፣ ከኒሙሌ በኩል የመጡበት አቧራ ፊታቸው ላይ እንዳለ፣ በረንዳው ላይ ቆመው አገኘናቸው። «ቤት ዴ ታይ!» እያሉ በመዳፋቸው በሩን ይደበድባሉ። ሉቃስ ዞር ብሎ «ይሄ ቤት የኔ ነው እያሉ ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሲጠፋ አየሁት። ሞተዋል የተባሉት ባለቤት፣ ማማ ኬጂ ነበሩ።

እርስዎም ደረሱ፤ ክላሽ የያዘ ጠባቂዎ ከፊት፣ ፓንጋ የሚሉትን ገጀራ ያነገበው የእህትዎ ልጅ ከኋላ። ሟቿ በቁማቸው ሲያነጋግሩዎት አለመደንገጥዎን አደንቃለሁ። «እብድ ናት፤ አውጣት» አሉ። ጠባቂዎ ማማ ኬጂን በላዎአቸው ጎትቶ ሲሚንቶው ላይ ጣላቸውና በቦት ጫማው ጎናቸውን ረገጣቸው። ከዚያም ደገመ። ጎድናቸው ሲሰበር ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሉቃስ ዘሎ መሃል ገባ። እጁ ባዶ ነበር። «እናትህ ማለት ናቸው! ተው፣ ወንድሜ!» አለው። በዚህ ጊዜ ነው ቀኝ እጅዎን ያነሱት። ሰደፉ ባለቤቴን ግራ ዓይኑ ላይ አገኘው። ማማ ኬጂ ላይ ወደቀ፤ ወድቆም ከላያቸው አልተነሳም፤ በጀርባው ምቱን ተቀበለላቸው። ከፊቱ የፈሰሰው ደም ነጭ ጸጉራቸውን አቀላው። የእህትዎ ልጅ ፓንጋውን ሲመዝ እኔም ከአጥሩ ሥር ያገኘሁትን ጡብ አንስቼ ራሱ ላይ መስበሬን አልክድም። ጡቡ የቤቱ ነበር፤ ጥራቱን የምመዝንበት ሌላ መንገድ በዚያች ሰዓት አላገኘሁም።

፬. ስለ ውሃው አቅርቦት። ጠባቂዎ መሣሪያውን አቀባብሎ አፈሙዙን መሬት ወደወደቁት ሁለት ሰዎች ሲያዞር፣ ጀንነት የፈላ ዘይቷን ከነድስቱ ይዛ መንገዱን ተሻግራ ነበር። እጁና ደረቱ ላይ ደፋችበት። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጥይቱ ወደ ላይ ባርቆ የውሃውን ታንከር በሳውና ውሃው እንደ ጎርፍ በረንዳውን አጠበው። ሊያሳዩን ቃል የገቡት ውሃ መኖሩን በዚህ አረጋግጠናል።

ከዚያ ሠፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቦዳቦዳ ነጂዎቹ ሞተራቸውን ጥለው መጡ፤ ሴቶቹ ዘነዘና ይዘው መጡ። አለባቸው መሣሪያውን በእግሩ ገፍቶ አራቀው። ሰዉ ጠባቂዎን መሬት ላይ አስተኝቶ ይቀጠቅጠው ጀመር፤ እውነቱን ልንገርዎትና፣ ይግደሉት ብዬ ተመኝቻለሁ። ያዳኑት ማማ ኬጂ ናቸው። ከሉቃስ ሥር ሆነው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው «ከላስ! ይበቃል! በዚህ ግቢ ከእንግዲህ ሰው አይሞትም!» አሉ። ሰዉም ተወው። እርስዎ ግን ይህን ለመስማት አልታደሉም፤ መኪናዎ በሩ ሳይዘጋ የቆሰለውን ጠባቂዎን ጥሎ ወደ አትላባራ መንገድ ሲፈተለክ ሁላችንም አይተናል።

፭. ለበሽተኛ ጥየቃዎ። ዶክተሮቹ የባለቤቴን ዓይን ባወጡ ማግስት ሙዝ በፌስታል ይዘው ሆስፒታል ድረስ መጥተዋል። መሌሽ፣ ይቅርታ ሊሉን መስሎኝ ወንበር ሰጠሁዎት። ተቀምጠው፣ ጉሮሮዎን ጠርገው «ቤቱን ትወስዱታላችሁ ወይስ ለሌላ ሰው ልስጠው?» አሉን። ሉቃስ ፊቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ዞረና «ማማ ኬጂን ጠይቃቸው፤ ከጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ ናቸው» አለዎት። ሙዙን ይዘው መመለስዎን ነርሷ ነግራናለች።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እዚህ ላይ ትህትናዬን ለጥቂት መስመር እንዳቆም ይፍቀዱልኝ። በዚያ መኝታ ቤት ግድግዳ የተደረደሩት ቀዳዳዎች የማን እንደሆኑ ማማ ኬጂ ሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ነግረውኛል። ልጃቸው ነበር። ታጣቂዎች ግድግዳው ላይ አቁመው ገደሉት፤ ጣሪያውንም ለኮሱት። እሳቸው እሳቱን አጥፍተው፣ ልጃቸውን ማንጎው ሥር ቀብረው፣ በእግራቸው ተሰደዱ። እርስዎ ያን ግድግዳ ለስነው፣ ቁም ሣጥን አስጠግተው፣ «አይጥ ነው» አሉን። ሌላውን ሁሉ እንደምንም እረሳው ይሆናል። ይህን ግን አልረሳም።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ምናልባት አልሰሙ እንደሆነ ላሳውቅዎት። የእህትዎ ልጅ ጭንቅላቱን ተሰፍቶ ከከተማው ጠፍቷል። ደላላው ዳዊ «ሞተዋል ብለው ያስዋሹኝ ሊቀመንበሩ ናቸው» ብሎ በሠፈር ሽማግሌዎች ፊት ቃሉን ሰጥቷል። እኔ ወደ አዲስ አበባ እንመለስ ብዬ ሻንጣ እስከ ማውጣት ደርሼ ነበር። ሉቃስ ሻንጣውን አልነካብኝም፤ «አንቺ ሂጂ ብልሽ አትቀየሚኝ፤ እኔ ግን ዓይኔን የተውኩበትን ከተማ ትቼ የት እሄዳለሁ?» አለኝ። አልቅሼ፣ ተጣልቼው፣ አኩርፌው፣ በመጨረሻ ሻንጣውን ወደ ቦታው መለስኩት። ማማ ኬጂም ቤታቸው ገብተዋል። ሽማግሌዎቹ፣ ቦዳቦዳ ነጂዎቹና ሴቶቹ አጅበው በሩን ከፈቱላቸው። የፊት ለፊቱን ሁለት ክፍል ለእኛ አከራይተውናል። አለባቸው ማገሮቹን እየቀየረ ነው፤ ያን ግድግዳ ግን እንዳይነካው እሳቸው ስላዘዙት፣ ቀዳዳዎቹ እንደተገለጡ ይኖራሉ።

ስለዚህ፣ ቤትና ሠፈር ሳይመረምር የሚገዛ ሰው ሞኝ መሆኑን በእንዲህ ያለ ትጋት ስላስተማሩን፣ ጎረቤቶቻችንን በአንድ ቀን ስላስተዋወቁን፣ ከገዢነት አውጥተው ጎረቤትዎ ስላደረጉን፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣ ዕድሜዎ ረዝሞ በየዕለቱ በደጃችን እንዲያልፉ እየተመኘሁ፣ የእጅዎን ሥራ በየማለዳው የማጥብና በፋሻ የማስር ታዛዥዎ፣

ቢታንያ፣ የሉቃስ ባለቤት
የማማ ኬጂ ተከራይ

ማስታወሻ፦ በመጪው እሑድ ሠፈሩ ማንጎው ሥር ተሰብስቦ አዲስ ሊቀመንበር ይመርጣል። ዕጩዋ አንድ ናቸው፤ ማማ ኬጂ። እርስዎም ድምፅ የመስጠት መብትዎ የተጠበቀ መሆኑን እንዳሳውቅዎት አደራ ብለውኛል፤ ብቻዎን መምጣት ከደፈሩ።