በስምሽ የተንኳኳው በር

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር አምላክሽን ትጣሪያለሽ? ልጄስ? ምግብ ላይ እንደሚያስቸግርሽ አውቃለሁ፤ በአባቱ ወጥቶ ነው። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ላልፈው ነበር፤ ግን አንቺን ማታለል የት ይቻላል።

ትምህርት ሲዘጋ ላኪልኝ ያልኩሽን ተይው፤ ልጁን አትላኪው። ሻንጣውን ይዞ እንደሚጠብቅ እያወቅኩ ነው የምጽፍልሽ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ የቲቢ ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን እየዞሩ መመዘን ነው። ታሞ የጠፋ ሰው ካለ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሱ ልጆች ቤቱ ሄደው ያንኳኳሉ። ብዙ በር ካንኳኩ እኔ አመሰግናቸዋለሁ። ባለፈው ስለ ሕክምናው የጠየቅኳት አንዲት ታካሚ ልብስ ሰፊ፣ ለባሌ ሳልነግረው ሰደርያው ለሰፈሩ ነገረልኝ ብላ ተቆጣችኝ። አይዞሽ ብያት ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ሳሉ አልለቅ ሲለኝ፣ እኛ ጤና ጣቢያ እንዴት ልሰለፍ? ከዘበኛው እስከ ሐኪሙ ያውቀኛል። ከተማው ጫፍ ሄጄ ለምርመራ አክታ ሰጠሁ። ስም ሲጠይቁኝ አፌ ላይ የመጣው ያንቺ ነው። አድራሻውን ግን፣ ሞኝነቴን እይልኝ፣ የራሴን ነገርኳቸው። ሲደውሉ አላነሳሁም።

ትናንት ሰደርያ የለበሰች ልጅ መጣች። ግቢው በር ላይ ያንቺን ስም ስትጠራ እኔ መጋረጃ ኋላ ትንፋሼን ውጬ ቆሜያለሁ። አከራዬ፣ ያቺማ የተከራዬ እህት ናት፣ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው አለቻት። ልጅቷ ከሄደች በኋላ እኔን፣ እህትሽ ታማ ኖሯል፣ ልጁን ቶሎ አታመጪውም ወይ ብላ ገሠጸችኝ።   ይባስ ብላ ለአባቱ ደወለች። ቅዳሜ መጥቶ ልጁን ካንቺ ወስዶ ወደ እኔ ሊያመጣው ነው። ደህና ነኝ ብትዪው አያምንሽም። ከደህና ቤት አውጥቶ የት እንደሚያገባው አያውቅም።

ሰኞ ደውሎ ዝም ያለብሽ ሰው እኔ ነኝ፤ ድምፅሽን ስሰማ አቃተኝ። ባለሰደርያዋ ልጅ ነገ ትመለሳለች። ያልተከፈተ በር ሦስቴ ይንኳኳ ያልኩት እኔው ነኝ። ውጤቱ ደህና ለሆነ ሰው እንደማትላክም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እከፍትላታለሁ ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ሥራዬን፣ ሰፈሩን፣ የአባቱን አፍ ሳስብ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ይቀራል።

ለአባቱም በአፌ ልነግረው አልችልም፤ ከዚያ በኋላ ልጁን መቼም እንደማይሰጠኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ቅዳሜ ሲመጣ አትከራከሪው። ይህን ደብዳቤ ስጪው፤ ያንብበው።

ክፉ አይንካሽ እታለም፤ በስምሽ የጠራሁት ሁሉ ለኔ ይሁን። ልጄን አንቺ ሳሚልኝ።

ታናሽሽ