በአንድ ኩላሊት አሥራ አንድ ዓመት የኖሩት የወይዘሮ ውባለም ንጉሴ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ውባለም ከአባታቸው ከአቶ ንጉሴ አሊጋዝና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበበች በየነ በ1917 ዓ.ም. በሀብሩ፣ ግራና አካባቢ ተወለዱ። ተማሪ ቤት ባይገቡም ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። በ1936 ዓ.ም. ወልድያ ይነግዱ ከነበሩት ከአቶ አስፋሃ ሃብተሥላሴ ጋር ተጋብተው ሙሉንና መታሰቢያን ወለዱ። መርሳ ላይ ከመኪናው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ከደሴ የሚመጣ ሾፌር ውርጌሳ ላይ ቢርበውም ችሎ የሚደርሰው ለእርሳቸው ወጥ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ሽንታቸው ደም ቀላቀለ። አዲስ አበባ ሐኪሞች ነቀርሳ ያገኙበትን የግራ ኩላሊታቸውን አወጡት። የቀረችው እንድትቆይ ውሃ እንዲያበዙ፣ ጨው እንዲቀንሱ፣ ኮሶና የሥር መድኃኒት እንዳይነኩ፣ በየዓመቱም እንዲመረመሩ አዘዟቸው። የመርሳ ሰው ግን ዓመት አትደፍንም ብሎ ፈረደ።

እርሳቸው ፍርዱን አልተቀበሉም። ለሾፌሮቹ ትልቁን ድስት፣ ለራሳቸው ጨው የሌለበትን ትንሽ ድስት ይጥዱ ነበር። በጾም ወራት የንስሐ አባታቸውን አስፈቅደው ውሃቸውን በጠርሙስ ይዘው ሰው ፊት ይጠጡ ነበር። ሐሜተኛ ሲያፈጥባቸው ደግመው ይጎነጩለታል።

በ1958 ዓ.ም. ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው ታናሽ ወንድማቸው፣ ሰው ያለ ኮሶ እንዴት ይኖራል ብሎ፣ በጥብጦ ይዞላቸው መጣ። ተቀብለው ደጅ ደፉት። «አንዷን ለሐኪም ሰጥቻለሁ፤ ይህቺን ለኮሶ አልሰጥም» አሉት። ወንድምየው አኩርፎ ሁለት ዓመት ቤታቸውን አልረገጠም። ያ ወንድም ይህን ታሪክ የጻፈው በላይ ንጉሴ ነው፤ ዛሬም ያፍራል።

በ1966 ዓ.ም. ረሃብተኛ መንገዱን ሲሞላው መሸጥ ትተው ንፍሮ ይቀቅሉ ጀመር። ከዚያው ተስቦ ያዛቸው። ወልድያ ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 28 ቀን በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ያከማቸው ሰው ኩላሊታቸው ደህና እንደነበረች መስክሯል። ስለዚህ ከለቀስተኛው መካከል ኩላሊቷ ገደለቻት የሚል ካለ አፉን ይሰብስብ። የገደላቸው ተስቦ ነው፤ ያቺ ኩላሊትማ እስከ መጨረሻዋ ቀን አልከዳቻቸውም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ለተራበ የዘረጉትን እጅ አምላክ በመንግሥቱ ይቀበልልን።

በአርባቸው ተዝካር አንዱ ድስት ያለ ጨው ይሠራል። መጀመሪያ የሚቀምሰውም ኮሶውን ያመጣው ወንድም ነው።