ከጀላል የተደበቀው የፋኢዛ ሕመም

ወንድሜ ጀላል፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ? የጅዳ ፀሐይ ሳይበረታብህ ረመዳኑን ያዝከው? እኔ ታላቅህ ከሪማ፣ የፋብሪካው ጫጫታ ጆሮዬን ከማደንቆሩ በቀር፣ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ እንዳልቀጥል ግን ሆዴ እምቢ አለኝ።

ልጅህ ፋኢዛ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ከአምና ጀምሮ በየቀኑ የኢንሱሊን መርፌ ትወስዳለች። በቪዲዮ ስትደውል ሁሉም ስልኩን ከቦ "አድጋለች፣ ማሻአላህ" የሚልህ እናታችን "በጡቴ!" ብላ ስላስማለችን ነው። ስደት ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም አሉ። እስቲ ይሄ ልማድ ማንን ጠቀመ? ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ ወደ አንተ በሚመጣው በጎረቤታችን በሀፊዝ እጅ የምልክልህ።

አንተም ሳታውቅ ወሩን ሙሉ ከጾምሽ የወርቅ ጉትቻ አመጣልሻለሁ አልካት። ሚስትህ ጣይባ አጠገቧ ቆማ "ኢንሻአላህ" ትላለች! አላህ ራሱ ለበሽተኛ የተወውን፣ ያውም ለአሥር ዓመት ልጅ! ፋኢዛ ምሳዋን ለፍየሏ እየሰጠች፣ መርፌውንም ጾም ያስፈታል ብላ እየደበቀች ሰነበተች። በመጨረሻ ትምህርት ቤት ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። እናታችንና ጣይባ ከደጋን ይዘዋት ሲመጡ ኮምቦልቻ ላይ ተቀበልኳቸው፤ ደሴ ሆስፒታል እስክንደርስ ነፍሴ ከእኔ ጋር አልነበረችም።

ከነቃች በኋላ መናገር እምቢ አለች። ሐኪሞቹ ትንሳኤ ወደምትባል የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ ላኩን። እናታችን "የልጅ ልጄ አላበደችም!" ብላ ስትጮህ ሰኞ ገበያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ትንሳኤ አልተቆጣችም። ለፋኢዛ አሻንጉሊት ሰጥታ መርፌ ውጊያት አለቻት። ልጅህ መጀመሪያ ስልኬን ከእጄ ወስዳ በፊቱ ደፋችው፤ ከዚያ ወጋቻት። ስልኩን ለምን ደፋሽው ስትላት፣ "አባዬ እንዳያይ ነዋ። ካወቀ ደንግጦ ከፎቅ ይወድቃል" አለች።

እንዲህ ብለው ያስፈራሯት የገዛ ቤተሰቦቿ ናቸው፤ የሕንፃ ሥራ ላይ ነህና። የስኳሩ ሸክም አነሰና ያንተን ነፍስ ጫኑባት! ተናድጃለሁ ጀላል። በእናታችን፣ በጣይባ፣ ፊቷ ሲገረጣ እያየህ አንድ ቀን "ምን ሆንሽ?" ባላልካት በአንተም። ትንሳኤ እንደምትለው ሕመሟን ከአንተ መደበቅ ካላቆመች መርፌውን አትቀበልም። ትናንት እንኳ ፍራሽ ሥር ሸሽጋው አገኘናት። እንዲህ ከቀጠለች ትሞትብናለች።

የሚመጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትንሳኤ ዘንድ እንሆናለን። በእኔ ስልክ ደውልና ፋኢዛን ብቻ አቅርቢልኝ በል። ጉትቻውን አታንሳባት። "አውቄያለሁ ልጄ፣ አልወደቅኩም" በላት።

አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ ሰላም በልልኝ። ታናሻችን ተውፊቅ ሰላም ብሎሃል። ጣይባም እያለቀሰች ሰላም በይልኝ ብላለች። እናታችን መጻፌን አታውቅም። ስታውቅ ትቀየመኛለች። ትቀየመኝ፤ ልጅቷ ትኑር።

እህትህ ከሪማ
ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.