ሞግዚት የሚለው ቃል

ቀበና፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀደንያ፤

ክረምቱ ኮምቦልቻ ላይ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ ወንዙ ሞልቶ ያስፈራራናል እንጂ ደጃፋችን አልደረሰም። ሦስት ወር ሙሉ ስደውል ስላላነሳሽ፣ ይህን ደብዳቤ ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ ለኮምቦልቻው አውቶቡስ ሾፌር ለነገሳ እሰጠዋለሁ። ደብዳቤ እንግዲህ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ያን ቀን "ለልጆቹ ሞግዚት ሁኚልኝ" ስልሽ ለምን እንደዘጋሽብኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ማሪኝ። ቤሩት ስምንት ዓመት የሰው ልጅ ስታሳድጊ ኖረሽ፣ እኔ ደግሞ ለገዛ እህትሽ ልጆች ልቀጥርሽ የፈለግኩ መስሎሻል። ቃሉን ያመጣሁት ኑዛዜዬን ከሚጽፍልኝ ጠበቃ ነው። በሕጉ ሞግዚት ማለት ቤት ውስጥ የምትቀጠር ሠራተኛ አይደለችም፤ ወላጅ ሲሞት በእሱ ቦታ ቆማ ስለ ልጆቹ የምትወስን፣ የምትፈርም ሰው ናት። እኔ ፍሬን ሠሪ ነኝ፤ የጠበቃ ቃል እንደሰማሁት ወረወርኩብሽ። "የእናታቸውን ቦታ ያዢልኝ" ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ኩርፊያ ባልመጣ።

ለምን አሁን ትዪ ይሆናል። እህትሽ የማርያምወርቅ ካረፈች ወዲህ ልጆቹ ያላቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ፍሬኑን ሳላይ መኪና አስወጥቼ አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት የፍሬን ሸራ ብናኝ ስስብ ኖሬ ሳንባዬ ደክሟል፤ ጋራዡን ለረዳቴ ለጉዲሳ አስረክቤዋለሁ። ባለፈው እሁድ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ ማቲዎስ አራት ጊዜ ቆሞ ጠበቀኝ። "አባዬ፣ ድሮ እኮ አንተ ነበርክ የምትጠብቀኝ" አለኝ። ሐኪሙ ያለኝን ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

ወንድሜ አካሉ ክፉ ሰው አይደለም። ግን "ወንዱን እኔ እወስዳለሁ፤ ሴቷን ለእናቷ ዘመዶች ስጥ" አለኝ። ማቲዎስ እኮ እስካሁን የእህቱን እጅ ሳይዝ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ የምፈራው ይህን ነው፣ ሌላ አይደለም።

ጠበቃው ኑዛዜውን ጽፎ ጨርሷል፤ ነሐሴ መጀመሪያ አራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። የሞግዚቷ ስም የሚገባበት ቦታ ግን ባዶ ነው። "እሺታዋን ሳልሰማ ስሟን አላስገባም" ብሎኛል። ሞግዚት የሚለውን ትቶ እናት ብሎ እንዲጽፍልኝ ብጠይቀው፣ "ጋሽ ገበየሁ፣ ሕጉ ላይ እንዲህ ያለ ሹመት የለም" ብሎ ሳቀብኝ።

እምቢ ብትዪም አልቀየምሽም። የራስሽ ሕይወት አለሽ፤ ሱቅሽንም ገና መክፈትሽ ነው። ብቻ በአፍሽ ንገሪኝ።

አንድ ነገር ደብቄሽ አልጨርስም። ረቂቁን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሩሃማ አገኘችው። በአሥር ዓመቷ የማታነበው ነገር የለም። ባዶው ቦታ ላይ በእርሳስ "ፀደንያ" ብላ ጽፋበታለች። አልተቆጣኋትም። "ከጻፍሽ አይቀር በእስክሪብቶ አትጽፊውም?" ስላት፣ "እምቢ ካለች ወረቀቱ እንዳይበላሽ ብዬ ነው" አለችኝ።

ደጅሽን ሰላም፣ ሱቅሽን ገበያ አያሳጣው። የእህትሽ አምላክ ይጠብቅሽ።

ወንድምሽ ገበየሁ